ያረጀን ወይን ምን ይሸከመዋል?

የወይን ዳስ በተሠራ ዓመቱ አይወድቅም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም አይወድቅም። የሚወድቀው በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ዓመት፣ ቅጠሉ ዳሱን ጥቅጥቅ አድርጎ ከሸፈነና ዘለላው ካንዠረገገ በኋላ፣ አንድ የነሐሴ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ተባብረው ሲመጡ ነው። እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነበር። እናቴ የተከለችው ወይን ከበረንዳው ተነሥቶ ማድ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ፣ ቡና የሚፈላበትና ልጆች የሚያጠኑበት ጥላ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ ዳሱ መሬት ላይ ተኝቷል። ግንዱ አልተሰበረም፤ ሥሩም አልተነቀለም። የተሰበሩት ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ከአፈር በሚገናኙበት ቦታ ላይ በስብሰዋል።

ከዚያ ወዲህ የሐረግና የፍራፍሬ ዛፍ ድጋፍ ነገር ከልቤ አልወጣም። ስለ አተካከል፣ ስለ ውኃና ስለ ማዳበሪያ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ስለ ተሸካሚው የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ደግሞ በየግቢው ባየሁትና ስለ ሌላው ዓለም ልማድ ባነበብኩት መጠን፣ አብዛኛው ጥፋት የተሠራው በተከላው ዕለት እንደሆነ አምናለሁ። ሃምሳ ዓመት ለሚኖር ተክል አምስት ዓመት የሚቆይ እንጨት ይቆምለታል። ጭነቱ የሚመጣው እንጨቱ ካረጀ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐረግ ሁሉ በአንድ መንገድ አይወጣም። ቻርለስ ዳርዊን በ1865 ስለ ሐረጎች እንቅስቃሴ ባሳተመው ጥናት ላይ ይህን ልዩነት በትዕግሥት ዘርዝሮታል። ጠምበለልን የመሰለው ራሱን ግንዱን በተሸካሚው ዙሪያ እየጠመጠመ ይወጣል። ወይንና ፓሽን ፍሩት እንደ ጣት የሚጠመጠም ቀጭን ክር አውጥተው ያገኙትን ይጨብጣሉ። አንዳንዱ በግንዱ ላይ በሚያወጣው ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቡገንቪላ ግን የሚጨብጥበት ነገር የለውም፤ እሾሁን ይዞ ሌላው ላይ ይደገፋል እንጂ። ይህ የዕውቀት ጌጥ ብቻ አይደለም። የወይን ክር ወፍራም ቧንቧ መጨበጥ አይችልም፤ ቀጭን ሽቦ ይፈልጋል። ቡገንቪላን ካላሰሩት ደግሞ ምንም ያህል የሚያምር ብረት ቢያቆሙለት፣ አንድ ቀን ከነሙሉ ክብደቱ ከአጥሩ ወደ መንገዱ ይገለበጣል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ክረምት ሲበረታ ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ከተሸካሚዎች ሁሉ የቆየው ሌላ ዛፍ ነው። ሮማውያን ወይናቸውን በኤልምና በፖፕላር ዛፎች ላይ ያሳድጉ ነበር፤ የግብርና ጸሐፊው ኮሉሜላ ለዚህ የሚመቹትን ዛፎችና አገራረዛቸውን ጽፎ ትቷል። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ «የተዳረ ወይን» ይሉታል። ከኔፕልስ በስተሰሜን ባለችው አቬርሳ አካባቢ አሁንም ከፖፕላር ወደ ፖፕላር እየተዘረጋ ዐሥራ አምስት ሜትር ገደማ የሚወጣ ወይን አለ፤ ለቀማው በረጅም መሰላል ነው። በእኛም አገር ቴፒ አካባቢ ቁንዶ በርበሬ የሚያድገው በቁም ዛፍ ላይ ነው። ቁም ዛፍ አይበሰብስም፣ ምስጥ አይጨርሰውም፣ ሐረጉ በወፈረ ቁጥር እሱም ይወፍራል። ነገር ግን ውኃና ብርሃን ይሻማል፤ በየዓመቱ ካልተገረዘም ሐረጉን ያፍነዋል። በጠባብ የከተማ ግቢ ውስጥ አልመክረውም። ሰፊ ጓሮ ላለው፣ የሚገርዝበት ጉልበትም ላለው ሰው ግን ከሁሉም ርካሹና ዕድሜ ጠገቡ መንገድ ነው።

ከተማ ውስጥ የሚመረጠው የታወቀ ነው፦ ባሕር ዛፍ፣ ጽድ ወይም ብረት። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ርካሽ ነው፤ ችግሩ እግሩ ላይ ነው። እንጨት ፈጥኖ የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ ጠልቆ በተቀበረው ጫፉ ወይም ከላይ በአየር ላይ ባለው ክፍሉ ሳይሆን፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በአፈሩ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቋሚው ከላይ ደህና እየመሰለ ከታች ያልቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አፈሩን አንድ ስንዝር ጫር አድርጎ በቢላዋ ወጋ ማድረግ። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ ቋሚው ከክረምት በፊት መለወጥ አለበት። ብዙ ሰው እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ምስጥን ለጊዜው ያርቅ ይሆናል፤ ፍሬው በሚበላ ተክል ሥር ግን ያ ዘይት ወደ አፈር እንዲገባ አልፈልግም። በሲሚንቶ ውስጥ መትከልም ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም፤ ሲሚንቶው እንደ ሳህን ውኃ ከያዘ የእንጨቱን መበስበስ ጭራሽ ያፈጥነዋል። የተሻለው ብረት ሲሚንቶው ውስጥ መትከልና እንጨቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በዚያ ብረት ላይ በብሎን ማሰር ነው። ያኔ እንጨቱ ሲያልቅ ዳሱን ሳያፈርሱ እሱን ብቻ ይለውጡታል።

ሁሉም ተክል ይህን ያህል ወጪ አይፈልግም። ፓሽን ፍሩት ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ከዚያ በአዲስ ችግኝ ይተካል። ለእሱ የባሕር ዛፍ ቋሚና ሲባጎ ይበቃዋል፤ ተክሉም እንጨቱም አብረው ይሸኛሉ። ወይን ግን ሌላ ዘመን ነው የሚኖረው። በስሎቬንያዋ ማሪቦር ከተማ አንድ አሮጌ ቤት ፊት ላይ የሚያድግ ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ወይን አለ፤ ዛሬም ያፈራል። በእንግሊዝ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት በ1768 የተተከለው ወይን የግንዱ ዙሪያ 4 ሜትር፣ ረጅሙ ክንዱ ከ36 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በዓመት በአማካይ 270 ኪሎ ገደማ ዘለላ ይለቀምለታል። በእሱ ዘመን የመስተዋት ቤቱ ከአንዴም ሁለቴ ታድሷል። ቤት እየተቀየረለት የሚኖር ተክል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሽቦ እንደ ክራር በጣም ሲወጠር ጠንካራ የሆነ ይመስለናል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በ10 ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ምሰሶዎች መካከል አንድ ሽቦ ተዘርግቷል እንበል፤ በየሜትሩ ወይኑ 20 ኪሎ ቢያርፍበት ጠቅላላ ጭነቱ 200 ኪሎ ነው። ሽቦው መሃሉ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ቢረግብ፣ ምሰሶዎቹን ወደ ውስጥ የሚስበው ኃይል 500 ኪሎ ይሆናል። ሽቦው ተወጥሮ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢረግብ ግን ያው 200 ኪሎ ጭነት ምሰሶዎቹን በ2,500 ኪሎ ኃይል ይስባቸዋል። የጫፍ ምሰሶዎች እንደ ሰካራም ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው የምናየው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ወፍራም ሽቦ አይደለም። መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ ምሰሶ ቢቆም፣ እርግበቱ ያው 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ስበቱ ወደ 625 ኪሎ፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ እንጨት የሚያደርገው ይህን ያህል ነው። ከዚያ በላይ የጫፍ ምሰሶዎቹን ከውስጥ በኩል በሰያፍ እንጨት መደገፍ፣ ወይም ከውጭ በኩል መሬት ውስጥ በተቀበረ ካስማ ወደ ኋላ ማሰር ያስፈልጋል። የብረት ሥራ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ «ወፍራም ቱቦላሬ ስጠኝ» ከማለት በፊት ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ መሥራት ብዙ ብር ያድናል።

ሽቦውን ግድግዳ ላይ ለሚዘረጋ ሰው ደግሞ ከግድግዳው 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ማድረግ ይገባል። ክፍተቱ አየር ያስገባል፤ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል፤ የሻጋታ በሽታ ይቀንሳል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ግን ምንም ዓይነት ጎልማሳ ሐረግ እንዲሸከም አይጠየቅ። ምርጊቱ ምስማር አይዝም፤ ቅጠሉ ያቆረው እርጥበትም ጭቃውን ያፈርሰዋል። ጣሪያም ተሸካሚ አይደለም። ሐረግ ከአሸንዳውና ከቆርቆሮው ሥር አንዴ ጣቱን ካስገባ በኋላ እየወፈረ ሲሄድ ምስማሩን ይነቅለዋል። በካሊፎርኒያዋ ሴራ ማድሬ ከተማ በ1894 በ75 ሳንቲም የተገዛ ዊስተሪያ የሚባል የአበባ ሐረግ ችግኝ ቤት አጠገብ ተተክሎ ነበር። ዛሬ ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍን የአበባ ባሕር ነው፤ አጠገቡ የተተከለለት የመጀመሪያው ቤት ግን ጣሪያው በክብደቱ ተደርምሶ ፈርሷል።

ፍራፍሬን በግድግዳና በሽቦ ላይ ዘርግቶ የማሳደግ ጥበብ በአውሮፓ የከበረ ታሪክ አለው። ዣን ባፕቲስት ደ ላ ኬንቲኒ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ከ1678 እስከ 1683 ያቋቋመው የንጉሡ የአትክልት ቦታ እስከ ዛሬ አለ፤ የዕንቁ ፍሬ ዛፎቹም እንደ መጽሐፍ ገጽ ተዘርግተው ይታያሉ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የንጉሥ ያልሆነው ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ ያለችው ሞንትሮይ በኮክ የታወቀች መንደር ነበረች። ገበሬዎቿ ማሳቸውን በጄሶ በተለሰነ ግድግዳ ከፋፍለው፣ ቀን ፀሐይ የሚሞቀው ግድግዳ ሌሊት ለኮኩ ሙቀቱን እንዲመልስለት አደረጉ። ቅርንጫፉን የሚያስሩት በሽቦ አልነበረም፤ ከአሮጌ ልብስ የተቀደደች ቁራጭ ጨርቅ በቅርንጫፉ ላይ አጥፈው ሁለቱን ጫፎች ጄሶው ላይ በምስማር ይመቷቸው ነበር። ጨርቅ ቅርፊት አይቆርጥም። ሲያረጅም ራሱ ይበጠሳል እንጂ ዛፉን አያንቅም። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ማሰሪያ አላየሁም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይሠራል? ግድግዳው ለሚሰጠው ሙቀት ከሆነ፣ ምንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ በስተሰሜን ናት፤ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ነገር ግን ቅርንጫፍን አጎንብሶ ማሰር ለእኛ ከፈረንሳዮቹ ይበልጥ ይጠቅመናል ብል ማጋነን አይሆንም። አፕል በቂ ብርድ ካላገኘ እንቡጡ ተኝቶ ይቀራል፤ የደጋችን ብርድ ደግሞ እንደ አውሮፓ ክረምት ጠንካራ አይደለም። ለዚህ ነው በጨንቻና በሌሎችም ደጋዎች «አና» የሚባለው፣ በእስራኤል ዓይን ሼሜር ኪቡትስ አባ ሽታይን ያዳቀለው፣ ብዙ ብርድ የማይፈልግ አፕል የተስፋፋው። ከዝርያው ሌላ ያለው መሣሪያ ሲባጎ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ያለው እንቡጥ የታችኞቹን ያፍናቸዋል። ቅርንጫፉ ወደ አግድም ሲጎነበስ ይህ ጭቆና ይላላል፤ በርዝመቱ ሁሉ የተኙት እንቡጦች ይነቃሉ፤ ቅጠል ብቻ ያወጣ የነበረው አበባ ያወጣል። የኢንዶኔዥያዋ ባቱ አፕል ገበሬዎችም በሞቃት አገር ፍሬ የሚያገኙት ቅጠል በማራገፍና ቅርንጫፍ በማጎንበስ ነው። ችግኙን ሦስት ዓመት ጠብቆ «አላፈራም» ብሎ ከመንቀል በፊት፣ ቅርንጫፎቹን በሲባጎና በካስማ ወደ ጎን ስቦ አንድ ዓመት መታገሥ ይገባል። በአንድ ጊዜ ግን ወደ አግድም አይወርዱም፤ መጀመሪያ በ45 ዲግሪ ታስረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳሉ። በግድ የተጎነበሰ ከሥሩ ይገነጠላል።

አፕል ሲገዙ ከዝርያው ስም በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ የተዳቀለበት ሥር ምንድን ነው? በእንግሊዝ ኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ የተመደበው «ኤም 9» የተባለው ሥር ዛፉን አጭርና ቶሎ የሚያፈራ ያደርገዋል፤ ዛፉ ግን ዕድሜ ልኩን ያለ ድጋፍ አይቆምም። ጠንካራ ሥር ያለው ሌላው ችግኝ ድጋፍ የሚፈልገው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ነው። ለዚህኛው ድጋፉ አጭርና ላላ ያለ ይሁን፤ ከግንዱ ሢሶ ቁመት ላይ ታስሮ የላይኛው በነፋስ ይወዛወዝ። ነፋስ ያወዛወዘው ግንድ ይወፍራል። ከላይ እስከ ታች ተጠፍሮ የታሰረ ግን ገመዱ ሲፈታ ራሱን መሸከም ያቅተዋል።

ገመድና ሽቦ የሚያደርሱት ጉዳት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን በኩል ነው። ጥቁር ሽቦ ግንዱን ዙሪያውን ካነቀው ከሽቦው በላይ ያለው ያብጣል፤ ከታች ያለው ይራባል፤ ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዳከማል። ማሰሪያው ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ የጨርቅ ጥብጣብ ወይም የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይበቃል፤ በተክሉና በቋሚው መካከል እንደ ስምንት ቁጥር ይተላለፍ። በዓመት አንዴ ደግሞ ተፈትቶ ይታሰር። ሽቦው ቀድሞ በቅርፊት ተውጦ ከተገኘ ጎትቶ ማውጣት አይገባም፤ ሁለቱን ጫፎች ቆርጦ ውስጥ ያለውን መተው ነው፤ ግንዱ ራሱ ይቀብረዋል።

ወደ ጎልማሶቹ ዛፎች ስንመጣ ባላን የሚያህል የለም። አባቶቻችን ቆጡንም ዳሱንም ያቆሙበት ያ ባለ ሁለት ጣት እንጨት አቮካዶና ማንጎ ሲበዛበት ቅርንጫፉን ከመገንጠል ያድነዋል። ነገር ግን ባላውን ግንዱ አጠገብ ማቆም ከንቱ ነው፤ ከግንዱ እስከ ጫፉ ካለው ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ይቁም። እግሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረፍ፤ ጣቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም የጎማ ቁራጭ ይደረግ፤ አለዚያ ነፋስ ቅርንጫፉን ባፋተገው ቁጥር ቅርፊቱ ይላጣል። ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ ማሳሳትም እንደ ባላ ይቆጠራል። የኮክ ቅርንጫፍ የሚገነጠለው ባልተቀነሰለት ሸክም ነው።

ባላን ወደ ጥበብ ያሳደጉት ጃፓኖች ናቸው። የአሮጌ ጥድ ቅርንጫፍ የሚደገፍበትን እንጨት «ሆዙዌ» ይሉታል፤ ሰው ጉንጩን በእጁ ሲደግፍ የሚጠራበት ያው ቃል ነው። በካናዛዋ ኬንሮኩዌን የአትክልት ቦታ ደግሞ በየዓመቱ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ አትክልተኞች ከረጅም ምሰሶ አናት ገመድ እንደ ጃንጥላ እየዘረጉ የጥዶቹን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ከላይ ያንጠለጥሏቸዋል፤ እርጥብ በረዶ እንዳይሰብራቸው። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የአሺካጋ ከተማው ዊስተሪያ ነው። በ1996 ኮናሚ ጹካሞቶ የተባለች የዛፍ ሐኪም ያን ታላቅ አሮጌ ተክል ከነበረበት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ አዛወረችው። ለስላሳውን ግንድ እንደ ተሰበረ እግር በጄሶ ጠቀለለችው። ሲዛወር ዳሱ 72 ካሬ ሜትር ነበር፤ ዛሬ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ዳሱ ተክሉ ከመድረሱ በፊት እየሰፋ ቀደመው እንጂ፣ ተክሉ ዳሱን አልጠበቀም።

ሙሉ በሙሉ ድጋፍ የሌለበት መንገድም አለ። በግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት ነፋሱ ስለሚበረታ ወይኑን መሬት ላይ እንደ ሌማት ክብ አድርገው ይሸምኑታል፤ ዘለላው በመካከሉ ተጠልሎ ይበስላል። ለነፋሻ ሜዳ ድንቅ ነው፤ ጥላ ለሚፈልግ ግቢ ግን አይሆንም።

ዳሱ አርጅቶ ተክሉ ገና ብርቱ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? አውሮፓ ውስጥ ሥራው ቀላል ነው፤ ክረምት ቅጠሉን ያራግፈዋል፤ ባዶውን ዕንጨት እያዩ ይጠግኑታል። እዚህ ወይኑ ቅጠሉን ጨርሶ የማያራግፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ ጊዜውን እኛው መምረጥ አለብን። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ በበጋ፣ ወይኑ ሲገረዝ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ነው የሚሠራው። አሮጌው ዳስ ከመነቀሉ በፊት አዲሱ ከጎኑ ይቆማል። መካከል ላይ ሸክሙን ጊዜያዊ ባላዎች ይይዙታል። ወፍራም ክንዶችን በአንድ ቀን ቀጥ ለማድረግ መታገል ስብራት ነው፤ ወር በወር ትንሽ በትንሽ ይነሣሉ።

እኛም እንዲሁ አደረግን። የወደቀውን ወይን ከመሬት ያነሣነው በሦስት ዙር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ደረት፣ በመጨረሻ እስከ አዲሱ የብረት ዳስ። ከጎረቤት የመጣ አንድ ሽማግሌ ጊዜያዊ ባላዎቹን ከወይራ ቆርጦ ሰጠን፤ «እማማ፣ ባሕር ዛፍ እንደገና እንዳያታልልሽ» ብሎ እናቴን መከራት። ሥራው ሲያልቅ ባላዎቹን አንድ በአንድ ነቀልናቸው። አንዱ ግን ቀረ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ትልቁ ክንድ ቅርፊቱን በባላው ጣት ላይ አሳርፎ ዙሪያውን አቅፎት ነበር። እናቴ ያን አየችና መጋዙን ከእጄ ወሰደችው።